ደመወዜ ስንት ኪሎ ነው?

አርብ፣ ግንቦት 22

ዛሬም የዋጋውን ካርቶን ቀየርኩት። መቶ አምስት የሚለውን አውርጄ መቶ አሥር የሚል ሰቀልኩ። በዚህ ወር ሦስተኛዬ ነው።

እትዬ ራሂማ በር ላይ ቆማ «ቁጥሩን ወፈር አድርጊው፤ አስፋልት ማዶ ያለ ሰው እንዲያየው» አለችኝ። አወፈርኩት። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታ የላትም። ተናድጃለሁ።

ያናደደኝን ልጻፍ። እዚህ ቡታጅራ፣ የእትዬ ራሂማ ቆጮ መሸጫ ከገባሁ ለአረፋ ሁለት ዓመት ይሞላኛል። ቆጮውን ከጉድጓድ አወጣለሁ፣ እመዝናለሁ፣ በኮባ እጠቀልላለሁ፣ ለአዲስ አበባ ክትፎ ቤቶች የሚሄደውን አይሱዙ ላይ አስጭናለሁ፣ ግቢ እጠርጋለሁ፣ ዋጋ እጽፋለሁ። ስገባ ኪሎው አርባ አምስት ብር ነበር። ደመወዜ ሺህ አምስት መቶ። ዛሬ ኪሎው መቶ አሥር ነው። ደመወዜ ሺህ አምስት መቶ።

የተዋዋሉልኝ አባባ ናቸው፤ የእናቴ አባት። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ለቤታችን የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እትዬ ራሂማ ቤታችን መጥታ «ሁለት ዓመት፣ በወር ሺህ አምስት መቶ፣ መኝታና ምግብ በኔ» አለች።

አባባ ከመደቡ ቀና አሉ። «ሺህ?»

«ሺህ አምስት መቶ።»

ወዲያው ተጨባበጡ፤ ቃሉን ለማሰር የቁርአኑ መክፈቻ፣ ፋቲሃ ተቀራ። እኛ ጋ ፋቲሃ የተቀራበት ቃል አይነካም። ዘይት ቢጨምር አይነካም። ሳሙና ቢጨምር አይነካም። እኔን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅም አልናገርም ነበር። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ዛሬ ልነግራት ወስኜ ነበር። ጠዋት ኮባ እያጠብኩ ተለማመድኩት። «እትዬ፣ ሁሉም ነገር ጨምሯል፤ የኔም ይጨመርልኝ።» ስድስት ቃል ብቻ። ሦስት ጊዜ አልኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥሩ ወጣልኝ።

ከምሳ በኋላ ገባሁ። ስልክ ላይ ነበረች፤ ከአንድ ክትፎ ቤት ባለቤት ጋር ትጨቃጨቃለች። ስትጨርስ ዞር ብላ «ምንድነው?» አለች።

«መጥረጊያው አልቋል» አልኩ።

መጥረጊያው አላለቀም! ሁለት መጥረጊያ አለን። ብር አወጣችና ሰጠችኝ። ሄጄ የማያስፈልግ ሦስተኛ መጥረጊያ ገዛሁ። ከሱቅ እስከ ቤት ተሸክሜው ስመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቅብኝ መሰለኝ።

እጄ ግን ሥራ አልፈታም። ባለፈው ወር ደመወዜ የሄደበትን ጻፍኩ፦

ለእናቴ የላክሁት፣ ስምንት መቶ።
ሞዴስና ሳሙና፣ ሁለት መቶ አርባ።
ጫማዬን ያሰፋሁበት፣ ስልሳ።
የጸጉር ቅባት፣ መቶ ሠላሳ።
ለቤት መሄጃ፣ ሰማንያ።
የቀረው፣ መቶ ዘጠና።

መቶ ዘጠናው የማታ ትምህርት መመዝገቢያ ነው። ዘጠነኛ ክፍል። መስከረም ላይ ስንት እንደሚሆን አላውቅም። ብሩን የማጠራቅመው እኔ ነኝ፣ ዋጋውን የሚጨምሩት ሌሎች። ሁልጊዜ እነሱ ይቀድማሉ።


እሁድ፣ ግንቦት 24

እማማ ቶይባ ድርሻቸውን ሊወስዱ መጡ። እሳቸው እንሰት ፋቂ ናቸው። እትዬ ራሂማ ከገበሬ እንሰት ከነሥሩ ትገዛለች፣ እሳቸውና ሌሎች ሦስት ሴቶች እዚያው ማሳው ላይ ይፍቁታል። ብር አይወስዱም። ከፋቁት ከአሥር ኪሎ አንዱ የራሳቸው ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ ሲደርስ እኔ መዝኜ እሰጣቸዋለሁ።

ሁልጊዜ ያሳዝኑኝ ነበር። እውነቴን ነው። እኔ የወር ደመወዝ አለኝ፣ እሳቸው ግን በኬሻ ቆጮ ተሸክመው ይሄዳሉ ብዬ።

ዛሬ እየመዘንኩ ጠየቅኳቸው። ከሳቸው ጋር አላፍርም፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ይሆናል። «እማማ፣ በብር ቢከፍሉዎት አይሻልም?»

«ምን ያደርግልኛል?»

«ገበያ ይሄዱበታል።»

«በዚህስ አልሄድም?» አሉ፣ ኬሻውን በእግራቸው ነካ አድርገው። «ስሚ ልጄ። እናቴ ለራሂማ እናት ስትፍቅ ከአሥር አንድ ነበር። እኔም ከአሥር አንድ ነኝ። ጃንሆይ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ሌላውም መጣ። ከአሥር አንድ ግን ወላሂ ንቅንቅ አላለም። የኔ ደመወዝ ይሸታል እንጂ አይቀንስም!»

ሳቁ። ጥርስ የላቸውም፤ ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚንቀጠቀጠው። እኔም ሳቅኩ። ኬሻውን አሸክሜያቸው ስመለስ ግን ሳቄ ጠፋ።

ተቀምጬ አሰላሁት። ስገባ ደመወዜ ስንት ኪሎ ቆጮ ይገዛ ነበር? ሠላሳ ሦስት። ዛሬ ስንት ይገዛል? አሥራ ሦስት ከምናምን። አባባ የተጨባበጡት በሠላሳ ሦስት ኪሎ ነበር ማለት ነው። ሃያው የት ገባ? ማንም ከኪሴ አልወሰደውም። ማንንም ሌባ ማለት አልችልም። የምጠርገው ግቢ ግን ያው ግቢ ነው፤ ጉድጓዱም ያው፣ ያው ጥልቀት።

የምናደድበት ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

አገኘሁ።

እትዬ ራሂማ ጠዋት ጠራችኝ። ፊቷ በርቷል። «ሰሚራ፣ ነገ ቤትሽ ሂጂ። አረፋን እናትሽ ጋ ዋይ። ቅዳሜ እኔው ራሴ መጥቼ አባባን አነጋግራቸዋለሁ። ለሌላ ሁለት ዓመት እንጨባበጣለን። ሁለት ሺህ አደርግልሻለሁ። አምስት መቶ ሙሉ!»

«እሺ» አልኩ።

እሺ! ከአፌ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው።

ሁለት ሺህ ማለት አሥራ ስምንት ኪሎ ነው። ጨመርኩልሽ ትለኛለች፣ ከሠላሳ ሦስት አሥራ አምስት ወስዳ። ያውም በዛሬው ካርቶን። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ካርቶን ላይ ምን እንደምጽፍ ማን ያውቃል? ፋቲሃው ግን ቅዳሜ ይቀራና ቃሉ ይታሰራል።

እሷም ቢሆን ክፉ ሰው አይደለችም። እውነቱን ልጻፍ። ስታመም ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እሷ ናት። የክትፎ ቤቶቹ ሰዎች በወር እከፍላለሁ ብለው በሦስት ወር ይከፍሏታል። የአይሱዙው ሹፌር በየሳምንቱ ናፍጣ ናፍጣ እያለ ይጨምርባታል። ግን ሹፌሩ ሲጨምር ትከፍለዋለች፤ ይጮኻልና። እኔ አልጮህም። ባለፈው ለጎረቤቷ ስለኔ ስታወራ ሰምቻታለሁ። «እንደሷ ያለ ልጅ የለም፤ እቃ ነው የምትመስለው፤ መኖሯን አታውቂም» አለች። ማመስገኗ ነበር።


ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ቤት ገባሁ። ባጃጁ ከመንገድ መታጠፊያው እስከ ሰፈራችን አርባ ብር ጠየቀኝ። ድሮ ሃያ ነበር። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

አንድ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና፣ ለአባባ ጫማ መጥረጊያ ቀለም ይዤ ነበር። አባባ ፌስታሉን ከፍተው አዩ።

«ይሄው ነው?» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«በወር ሺህ አምስት መቶ የምትበላ ልጅ አንድ ኪሎ ስኳር ይዛ ትመጣለች?» ከዚያ ለእናቴ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ፣ «ይቺ ልጅ እጇ ይበተናል። ያዥላት።»

ከዚያ ያው ታሪክ መጣ። አባባ በልጅነታቸው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ጨርቅ ቤት ተቀጥረው ነበር። በወር አሥራ አምስት ብር። በአምስት ወር ሰባ አምስት ብር አጠራቅመው በሬ ገዝተው ገቡ። «በአምስት ወር በሬ! እንደናንተ ሻይ ቤት ስንቀመጥ አልዋልንም። ቆሎ እየቆረጠምን።» የአክስቶቼን ልጆች ሁሉ በዚያ በሬ ሰድበዋቸዋል። ዛሬ ተራው የኔ ነበር።

የአረፋ በሬ ዘንድሮ ዘጠና ሺህ ነው ብላኛለች እናቴ። አንዲት ሣንቲም ሳልበላ፣ ሳልታመም፣ ሞዴስ ሳልገዛ፣ ለቤት ሳልሰጥ ባጠራቅም ስልሳ ወር ይፈጃል። አምስት ዓመት። እሳቸው በአምስት ወር፣ እኔ በአምስት ዓመት። እና ገንዘብ በታኟ እኔ ነኝ!

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «አባባ፣ የእርስዎ አሥራ አምስት ብር ከኔ ሺህ አምስት መቶ ይበልጣል» ልል። ሳልለው ወጥቼ ከጓሮ እንሰቶቹ መሃል ቆምኩ፤ የአንዱን ደረቅ ቅጠል እስኪበጣጠስ ቀደድኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ። ተናድጄም እንኳ እሳቸውን አንቱ ከማለት አልወጣም፤ እስክሪብቶዬ እምቢ ይለኛል።


ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ዛሬ የሴቶች አረፋ ነው፤ ከዋናው በዓል አንድ ቀን ቀድመን ሴቶች የምናከብረው። ጎመን በቅቤ ሠራን። ጎረቤት ሴቶች መጡ፣ በላን፣ ተጫወትን፤ ማለቴ እነሱ ተጫወቱ፣ እኔ ሰማሁ። ቅቤው የመጣው እናቴ ካለችበት የቅቤ ማኅበር ነው። ተራ በተራ አንዷ ለአንዷ ቅቤ ያዋጣሉ። የእድሩን መዋጮ በየዓመቱ ተሰብስበው እየተጣሉ ይጨምሩታል። ቅቤው ግን ተጨምሮ አያውቅም፤ እናቴ ሙሽራ እያለች አንድ ኩባያ ነበር፣ ዛሬም አንድ ኩባያ ነው። ይሄን ከዚህ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

ሴቶቹ ሲሄዱ ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ኪሎው፣ ስለ ሠላሳ ሦስቱ፣ ስለ አሥራ ስምንቱ። እንደ እማማ ቶይባ በቆጮ ቢከፈለኝ ብዬ እንዳሰብኩም ነገርኳት። ድስት እያጠበች ሰማችኝ። ከዚያ ድስቱን አስቀመጠችና «ይሄን አባባ ፊት እንዳትዪ» አለች።

«ለምን?»

ነገረችኝ። እንዲህ ነው፦ አባባ ልጅ ሆነው፣ መርካቶ ሳይሄዱ በፊት፣ ለአንድ ባለ መሬት ከብት ጠባቂና አራሽ ነበሩ። ክፍያው እህል ነው። የዓመቱ ሥራ በቁና ተሰፍሮ ይሰጣል። ሰፋሪው የባለ መሬቱ ሰው ነው። ለባለ መሬቱ ሲሰፍር ቁናውን ነቅነቅ ነቅነቅ፣ ጠቅጠቅ አድርጎ እስኪቆለል ይሞላዋል፤ ለሠራተኛ ሲሰፍር ሳብ አድርጎ ከአፉ በታች ይተወዋል። አንድ ዓመት አባባ «ይነቅነቅልኝ» አሉ። በዚያች አንዲት ቃል ከነባዶ ስልቻቸው አባረሯቸው። በእግራቸው አዲስ አበባ ሄዱ። የመጀመሪያ ደመወዛቸውን፣ አሥራ አምስቷን ብር፣ ሲቀበሉ ጠርዟን ዳበሷት አሉ። ብር አይነቀነቅም። አይጠቀጠቅም። አሥራ አምስት ከተባለ አሥራ አምስት ነው።

«ለዚህ ነው የወር ደመወዝ ሲባል ልባቸው የሚሞላው» አለች እናቴ። «አንቺን የወር ደመወዝተኛ ያደረጉሽ ቀን አልቅሰዋል። አላየሽም እንጂ።»

ምን ላድርግ አሁን? ንዴቴን የት ላስቀምጠው? አዝኜላቸዋለሁ። አሁንም ተናድጄባቸዋለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ሆዴ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም። እሳቸው ከተሳሳተ ቁና አመለጡ። እኔን የሰጡኝ ግን በየወሩ ውስጡ እየጎደለ ለሚሄድ ቁና ነው፣ ያውም በፋቲሃ።


አርብ፣ ግንቦት 29

አረፋ። ወንዶቹ ሰላት ሄደው ተመለሱ። አምና በሬውን የገዙት አምስት ቤቶች ነበሩ፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ቤት ናቸው። ሥጋው ሲከፋፈል ሁሉም ሰው የደረሰውን ሥጋ በዓይኑ ይመዝን ነበር። አባባ ብቻ «አልሀምዱሊላህ፣ በሬው ትንሽ ነው እንጂ ድርሻው ያው ነው» ብለው ቀለዱ። ማንም አልሳቀም። ሊስቁ ይገባ ነበር፤ አሳዘኑኝ።

ነገ እትዬ ራሂማ ትመጣለች። ጓሮ ካለችው ጥጃችን አጠገብ ቆሜ ተለማመድኩ። «በወር ሠላሳ ኪሎ።» ከሠላሳ ሦስት ሦስቱን ተውኩላት፤ እንዳትደነግጥ። ጥጃዋ እጄን ላሰችው። ጥጃ ፊት መናገር ችያለሁ። ይሄም ነገር ነው።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እትዬ ራሂማ ረፋዱ ላይ በባጃጅ መጣች። ለአባባ አዲስ ኮፍያ፣ ለእናቴ ሻሽ አምጥታለች። ሰላምታው ረጅም ነበር። በላን። ከዚያ አባባ ተደላድለው ተቀመጡ፤ እኔ በር አጠገብ ቆምኩ።

«ልጅቷ ወርቅ ናት፤ ማሻአላህ» አለች እትዬ ራሂማ። «አፍ የላትም።»

«እንዳሳደግናት ናት» አሉ አባባ።

«እንግዲህ ሁለት ዓመቱ አለቀ። ለሌላ ሁለት ዓመት ሁለት ሺህ ብያለሁ።»

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደስ ሲላቸው ነው እንዲህ የሚያደርጉት። ግን መርካቶ የሠሩ ናቸውና ወዲያው አልተቀበሉም። «ሁለት ሺህ አምስት መቶ» አሉ።

«ኧረ አባባ! ክትፎ ቤቶቹ እኮ ሊገድሉኝ ነው።»

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።»

«ሁለት ሺህ ሁለት መቶ፣ ከዚህ በላይ ወላሂ አልችልም።»

አባባ ጭናቸውን መታ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሁለት ሺህ ሁለት መቶ! ሰማሽ? ይሄን ደመወዝ እኔ በሕልሜም አላየሁት።» እጃቸውን ዘረጉ። እሷም ዘረጋች። ሃያ ኪሎ ነው፣ አልኩ በልቤ። ለሁለት ዓመት ሃያ፣ አሥራ አምስት፣ አሥር እያለ የሚወርድ። እጆቻቸው ሊነካኩ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ከተነካኩ አለቀ።

«ሠላሳ ኪሎ» አልኩ።

ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ የኔ አልመሰለኝም። እጆቻቸው አየር ላይ ቆሙ።

«ምን አለች?» አሉ አባባ።

«ሠላሳ ኪሎ ቆጮ። በወር። ብር አልፈልግም።»

እትዬ ራሂማ ሳቀች። «ምነው ሰሚራ፣ ክትፎ ቤት ልትከፍቺ ነው እንዴ?»

አባባ አልሳቁም። ተነሱ። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «እንደ ፋቂ? በቆጮ? የኔ የልጅ ልጅ? እኔ ከቁና ያመለጥኩት አንቺ እንድትመለሺበት ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እግሬ ራሱ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። ግን ሳምንቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ወጣ። «አባባ፣ የእርስዎን ቁና የሚሰፍሩት እነሱ ነበሩ። ይሄን ሚዛን የምይዘው እኔ ነኝ።»

እናቴ ሻሹን እንደያዘች ቀረች።

መጀመሪያ ያገገመችው እትዬ ራሂማ ናት። «ሠላሳ ኪሎ ማለት እኮ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ብር ነው» አለች። ሳቋ የለም።

«ዛሬ ነው እትዬ። ስገባ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ነበር። ያኔ ከዚያ በላይ ይከፍሉኝ ነበር።»

«ዋጋው ቢወርድስ?»

«ቢወርድ ጉዳቱ የኔ ነው።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ አይታኝ አታውቅም፤ መኖሬን ያወቀችው ዛሬ ይመስለኛል። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና «እንግዲህ አስብበታለሁ» ብላ ተነሳች። አልተጨባበጡም። ፋቲሃ አልተቀራም። አባባ እስከ በር ሸኟት፣ ተመልሰው ግን ወደ ቤት አልገቡም፤ መስጊድ ሄዱ።

እናቴ ድስት እያነሳች «እውነት ሚዛኑን የምትይዢው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ ግቢ ብቻ የምትጠርጊ ይመስለኝ ነበር።»

ሥራ የለኝም ማለት ነው አሁን? አላውቅም። አሳፈርኳቸው? አዎ። በእንግዳ ፊት፣ በአረፋ ሰሞን። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሐፍረት እሞት ነበር። አልሞትኩም። ግን ሠላሳ ኪሎው ቀርቶ ሃያውም ቢያመልጠኝስ? ስምንት መቶውን ለእናቴ ከየት አመጣለሁ? ዝም ብል ኖሮ ቢያንስ ሃያ ኪሎ ነበረኝ። ይሄን ካሰብኩ በኋላ ደግሞ ራሴ ላይ ተናደድኩ። ለምን ሁልጊዜ ዝም ማለቱ ነው እንደ ትርፍ የሚታየኝ?


እሁድ፣ ሰኔ 1

አባባ ከትናንት ጀምሮ አላናገሩኝም። ቁርስ ሳቀርብላቸው «አስቀምጪው» እንኳ አላሉኝም፤ በአገጫቸው ነው ያሳዩኝ።

ከቀትር በኋላ የእናቴ ስልክ ጮኸ። እትዬ ራሂማ ናት። እናቴ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አባባ መደቡ ላይ ተጋድመው ያልሰሙ መስለዋል።

«ሰሚራ ነገ ትምጣ» አለች እትዬ ራሂማ። «ሃያ አምስት ኪሎ። ሁለት ዓመት ምናምን የለም፤ ለስድስት ወር እንሞክረው። ደግሞ ሁለተኛ ደረጃውን ነው የምሰጣት፤ አንደኛው ለአዲስ አበባ ነው።»

እናቴ አየችኝ። ስልኩን ተቀበልኳት። ሁለተኛ ደረጃውን አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የምለየው። ገበያ ላይ ግማሽ ዋጋ አያወጣም። ሃያ አምስት ኪሎ ሁለተኛ ደረጃ ማለት አሥራ ሁለት ኪሎ ማለት ነው።

«አንደኛው ይሁንልኝ እትዬ» አልኩ።

ከወዲያ በኩል የአይሱዙው ጡሩምባ ይሰማል።

«ሃያ አምስት፣ ግን አንደኛው» አልኩ እንደገና። አምስቱን ኪሎ ለቅቄላታለሁ፤ ደረጃውን ግን አልለቅም።

«አፍ አወጣሽ አይደል?» አለች። እየሳቀች ይሁን እየተቆጣች መለየት አልቻልኩም። «ነገ ነይና እናወራለን።» ስልኩ ተዘጋ።

እሺ ማለቷ ነው? እናቴ እሺ ማለቷ ነው ትላለች። እኔ እንጃ። ሃያ አምስት ብትልም ስገባ ከነበረኝ ከሠላሳ ሦስቱ ያንሳል፤ ይሄን አልረሳሁም፣ እንዲያስረሱኝም አልፈልግም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ እሄዳለሁ። ሁለተኛ ደረጃውን ብትሰጠኝ አልቀበልም። ይሄን ለራሴ ማልኩ። ሚዛኑ ፊት ስቆም ድምፄ ይወጣ አይወጣ ግን አላውቅም።

ይሄን እየጻፍኩ አባባ ከመደቡ ተነስተው ቁጭ አሉ። ወደ እኔ ሳያዩ እናቴን ጠሯት፤ እንድሰማ ግን ጮክ አድርገው።

«ይቺ ልጅሽ፣ ሃያ አምስት ኪሎውን በምን ነው ገበያ የምታደርሰው? በጀርባዋ? ባጃጅ ከቀጠረች ትርፉን ባጃጁ ይበላዋል። የጎረቤትን አህያ ለምኝላት።»

እናቴ ወደ እኔ አየች። ቀና አላልኩም። ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ግማሹ አሁንም አለ። ግን እንደ እማማ ቶይባ ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቄ እንዳይሰማ ደብተሩን ፊቴ ላይ ያዝኩት።